በስቅለት ቢላ አይነካም

ፍላሹ ያለው በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ነው።

ስመኝ በረዶ የሆነችውን ዶሮ በድርብ ፌስታል ጠቅልላ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የሐበሻ ግሮሰሪ ወጣች። ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ 2016። ሰዉ ሽንኩርቱን በጆንያ እየጎተተ ፓርኪንጉን አጣቦታል። ከመውጫው አጠገብ አንድ ግራጫ ቫን ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም።

ምናሴ።

የመርዕድ አጥንት ሰባሪ ነው። እንዳላየችው ሆና በጋሪዎቹ መሀል ተሽሎከለከችና ከኋላ ወዳለው የአውቶቡስ ፌርማታ ዞረች።

ስመኝ የእውነት ስሟ አይደለም። የእውነቱን ብነግራችሁ ምን ያደርግላችኋል? ስለ ሥራዋ ግን ልንገራችሁ፤ ነገሩ የዶሮ ነገር ነው ብላችሁም አትሳቁ። በአካባቢው አንድ የዶሮ ገበያ ቦርድ አለ። እያንዳንዱ አርቢ በየወቅቱ ስንት ዶሮ እንደሚያሳድግ ኮታ የሚቆርጠው እሱ ነው። ሁሉም ያሻውን ቢያሳድግ ዋጋው ወድቆ ትንንሾቹ አርቢዎች ያልቃሉ፤ ሁሉም ቢሰንፍ ገበያው ይደርቃል። የቦርዱ ቁጥር ያለበት የፕላስቲክ ማሰሪያ የሌለው ሳጥን ደግሞ አይሸጥም። ደግ ሐሳብ ነው። ክፋቱ፣ ቦርዱ ኮታውን ከፍ የሚያደርገው ለፈረንጅ ፋሲካ ነው። ዘንድሮ የእኛ አምስት ሳምንት ዘግይቶ መጣ። ኮታው ወርዷል፣ ሁለት ወር ሙሉ የጾመ ሐበሻ ደግሞ ዶሮ አምጡ ይላል።

መርዕድ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። አሌክሳንድሪያ ባለው መጋዘኑ የሐሰት ማሰሪያ ያትማል። አርቢዎቹን ከኮታ በላይ አሳድጉ ይላቸዋል። እምቢ ያሉት የሁለት አርቢዎች የዶሮ ቤት ነደደ። ሦስተኛው፣ ምስኪን፣ ዶሮ በሚነከርበት የፈላ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተገኘ።

ደፍሮ ለቦርዱ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሎረል ወጣ ብሎ የሚኖር በፍቃዱ የሚባል ሽማግሌ። ምናሴ የእኚህን ሰው ክንድ ሲሰብር ስመኝ የማሰሪያውን ከረጢት ይዛ፣ ማስቲካ እያኘከች ቆማ ነበር። ምን ታድርግ? የቦርዱ ሰላይ ናት፤ ሦስት ወር ሙሉ የመርዕድ ማሰሪያ አሳሪ ሆና የኖረችው ማስረጃውን በፍላሽ ለመሰብሰብ ነው። ቤቷ ገባች። ከዚያ ከሌላ ስልክ ቴክስት አደረገችላቸው፦ «ስምዎ አይወጣም። ቄብ።»

ቄብ እሷ ናት። ማስቲካ ስታኝክ ያዩዋት ሴት ቄብ መሆኗን ግን በፍቃዱ አያውቁም።

ፌርማታው ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ጋሽ ከፈለ ነው፤ በቦርዱ የእሷ አለቃ። በስለላው ስሙ አውራ። ሕማማቱን ቤተ ክርስቲያን ከርሞ ጉልበቱ አቧራ ይዟል። ዶሮዋን መሀላቸው አስቀመጠች።

«ነገ እኩለ ቀን ቆጡን እንሰብራለን» አላት። ቆጥ የሚሉት መጋዘኑን ነው። «ውስጥ ሁኚና የኋላውን በር ክፈቺልን።»

«ማስረጃው ይበቃል?»

«ቢላ በእጃቸው እንዳለ እንይዛቸዋለን። እንቁላሉስ የት ነው?»

እንቁላሉ ምስክሩ በፍቃዱ ናቸው። በቴክስት እየመራች የት እንደደበቀቻቸው ለማንም አልተናገረችም። ግን ደክሟታል፤ የሚጠይቃትም እንደ አባት የምታየው ሰው ነው።

«ጌይተርስበርግ። እህታቸው ቤት፣ ቤዝመንት።»

«በርቺ ልጄ» አለና ዶሮዋን ብብቱ ስር ሸጉጦ ሄደ።

ማዶ ያቆመቻትን መኪናዋን እየነዳች ቨርጂኒያ መሻገሪያው ድልድይ ላይ ስትደርስ ያቺ አየለች ትዝ አለቻት። አየለች መጋዘኑ ውስጥ አብራት የምትሠራ፣ ዶሮ የምትበልት ወሬኛ ሴት ናት። ጠዋት ስለ ነገው ሺፍት ብትጠይቃት ሳቀችባት። ይቺ አሜሪካ ያደገች፣ ብላ። ነገ እኮ ስቅለት ነው። ሲሰገድ ይዋላል እንጂ ቢላ አይነካም። አራጁም ዶሮ የምትበልተዋም የሚገቡት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ይህን ለመርዕድም ቁርጡን ነግረውታል።

እግሯ ፍሬኑ ላይ ደረቀ። ከኋላዋ መኪኖች ጡሩምባ ነፉባት።

ፈረንጅ አለቃ ቢሳሳት እሺ። ከፈለ ግን ራሱ ነገ ሰጋጅ ነው። ዓርብ መጋዘኑ ውስጥ ዶሮም ቢላም እንደማይኖር ከማንም በላይ ያውቃል። ማንም ሊሰብር አይመጣም። ባዶ ቤት ውስጥ የምትጠበቀው እሷ ናት። አሜሪካ ያደገች አታውቅም ብሎ ነው የተማመነው።

እሷ ደግሞ ምስክሩን አሁን በገዛ አፏ ሰጥታዋለች።

መኪናዋን ዳር አስያዘች። ጻፈች፦ «አሁኑኑ ይውጡ። ጫማ አይፈልጉ። ዊተን ሜትሮ ጣቢያ። ቄብ።» ከዚያ ከከፈለ በላይ ላለችው የቦርዱ ፈረንጅ ኃላፊ ኮል አደረገች። ሴትዮዋ ፖሊስ ይዛ አሁኑኑ ልትመጣ ነበር። ስመኝ ቅዳሜ ጠዋት ኑ ብላ ከለከለቻት። የሐሰት ማሰሪያው የሚታሰረው ዶሮው ሲታረድ፣ ቅዳሜ ነው። ነገ እሷ ከቀረች መርዕድ ይነቃል፣ ማተሚያውን ጭኖ ይሰወራል፣ በፍቃዱም ዕድሜያቸውን ሲሸሹ ይኖራሉ።

ስለዚህ ዓርብ እኩለ ቀን ገባች።

የታጠቡ ቢላዎች ተደርድረዋል። መንጠቆዎቹ ባዶ ናቸው። መርዕድ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ከጎኑ ከፈለ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ። ስግደቱን አቋርጦ ነው የመጣው!

በሩ ከኋላዋ ተቆለፈ።

«ጌይተርስበርግ ማንም የለም» አለ መርዕድ። «የት ወሰድሽው?»

አላውቅም አለች። ምናሴ እጆቿን ጠፍሮ አጥንት መቁረጫው መጋዝ ላይ አስተኛቸው። መጋዙ ተነሳ።

አንድ ጣት።

ጩኸቷን ሰምቶ ፊቱን ያዞረው ከፈለ ብቻ ነው። ሪችመንድ ናቸው አለች፤ አድራሻ ፈጠረችላቸው። ምናሴ ሄዶ እስኪመለስ አምስት ሰዓት ገዛች። ሲመለስ ሌላ ጣት ወሰደባት። ያኔ ራሷን ሳተች፤ ላባ የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ወረወሯት። ነገ ሥራው አልቆ ሰዉ ሲበተን ይጨርሷታል። ዘጠኝ ሺህ ዶሮ ተጭኖ እየመጣ ነው፤ ፋሲካ እሷን አይጠብቅም።

የነቃችው በምታውቀው ድምፅ ነው። አራጁ «በስመ አብ» ይላል። የዶሮ መንፈራገጥ። የአየለች ወሬ። ቅዳሜ ሆኗል።

እጇ የታሰረው በዚያው በሳጥኑ ማሰሪያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እሱን ስታስር ኖራለች፤ ጥርሱ የቱ ጋ እንደሚይዝ ጣቶቿ ያውቁታል። የቀሩት ጣቶቿ። ከላባው ክምር አንድ ጠንካራ እንጨት መሳይ የላባ አገዳ መረጠች፣ በጥርሷ ይዛ ማሰሪያው ጥርስ ስር ሰካችው። አንድ ጊዜ ተሰበረ። ሁለት ጊዜ ተሰበረ። በሦስተኛው ላላ።

በሩ ተከፈተ። ምናሴ፣ ሰዉ እስኪበተን መታገስ አቅቶት፣ ቢላ ይዞ።

እሱ አልጠበቃትም። ከበሩ ማዶ ያለው የፈላ ውሃ ገንዳ ነው። ሙሉ ክብደቷን ይዛ ሆዱ ላይ ተወረወረችበት። በጀርባው ገንዳው ውስጥ ገባ። ያ አርቢ ሲሞት እንዲህ ጮሆ እንደሆነ አሰበች፤ ደስም አላላትም።

የፊት በሩ ተሰበረ። ፖሊስ።

መርዕድ ሽጉጡን መዞ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሁለቱ ግድግዳ መቱ። አንዱ አየለችን። መርዕድን እዚያው ጣሉት፣ ማሰሪያ ማተሚያው እግር ስር። አየለች ግን አንገቷ ተመትታ፣ የበለተቻት ዶሮ እጇ ላይ እንዳለች ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሁለት ወር ጾማ፣ ሳትገድፍ፣ አንድ ቀን ሲቀራት። ስመኝ ደሟን በመዳፏ ልትገታ ሞከረች፤ የትኛው ደም የማን እንደሆነ እንኳ አልለይ አለ።

ቀና ስትል ነጠላ አየች። ከፈለ ከሚያለቅሱት ሴቶች ጋር ተቀላቅሎ ወደ በሩ እየወጣ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«ልጄ» አለ በሹክሹክታ። «ነገ እኮ ፋሲካ ነው።»

«ለበፍቃዱም ፋሲካ ነው፣ ጋሽ ከፈለ።»

ጣቱ በተቆረጠ እጇ ለፖሊሶቹ ጠቆመችው። ያዙት።

በዓመቱ ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን ዋሉ፤ ኮታውም ለሁሉም በቃ። ስመኝ የምትባል ሴት አልነበረችም። ሌላ ስም ያላት፣ ሌላ ሥራ የምትጀምር፣ ጓንት ያጠለቀች ሴት ሲልቨር ስፕሪንግ ያንን ግሮሰሪ በር ስታልፍ አንድ ፒክአፕ ዶሮ ያራግፋል። ሳጥኖቹ ሁሉ የእውነተኛው ቦርድ ማሰሪያ አላቸው። የፒክአፑ በር ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ቄብ የዶሮ እርባታ» ተብሎ ተጽፏል።

ቆመች። መቆም አልነበረባትም።

ሽማግሌው ጠማማ ክንዳቸውን ደግፈው ከመኪናው ወረዱ። ወዲያው ለዩዋት። ማስቲካ ስታኝክ የነበረችው ፊት አልጠፋቸውም። ጓንቷን አዩ፤ ባዶውን የሁለት ጣት ቦታ።

«ቆረጡልሽ?» አሉ። «ይበልሽ።»

እግሯ ስር ተፉ።

እኔ ነኝ ቄብ ማለት ትችላለች። ሦስት ቃል ናት። የመርዕድ ሰዎች ግን ሁሉም አልታሰሩም፤ ቄብን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚጠየቅ ሰው ነው። 

«እንኳን አደረሰዎት» አለችና የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣች።