እግሬ ቀዝቅዟል

እንግሊዞች እግር ሲሉ እግር ማለታቸው አይደለም። እጅም ሲሉ እጅ ማለታቸው አይደለም። ሂላ ይህንን ብታውቅ ኖሮ የዚያን አርብ ጉድ ባልደረሰባት ነበር። ግን ምን ታድርግ? በተነገረበት ሰዓት ተኝታ ነበር።

ሂላ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዳ እዚያው ያደገች ልጅ ናት። ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር ባለ የአረጋውያን ቤት ሽማግሌና አሮጊት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። የጠዋት ፈረቃዋን ስትጨርስ ወገቧ የራሷ አይመስላትም። ነርስ ለመሆን ደግሞ እንግሊዝኛ ማለፍ አለባት። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሮቫ ዳሌት ሰፈር፣ ማትናስ በሚሉት የሕዝብ ማዕከል ውስጥ የሰፈሩ ሰው ወደሚማርበት ክፍል፣ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች።

ከኮቢ ጋር የተገናኙት እዚያ ነው። ወደቡ ላይ በክሬን ኮንቴይነር የሚያወርድ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዋ አልጽፍ ቢላት የራሱን ሰጣት።

«አንተስ በምን ትጽፋለህ?»

«በኋላ ካንቺ እገለብጣለሁ።»

ሂላ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን አልሰበረም። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ያለው ወንበር የማንም አልሆነም፣ የእሱ ብቻ ሆነ።

መምህርቷ ናዓማ የሰው ገላ ያለባቸውን አባባሎች ማስተማር የጀመረች ቀን ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «‹ሁለመናዬ ጆሮ ነው› ካሉ እያዳመጡ ነው» አለች። «‹እግርህን ጎተትኩት› ካሉ ቀልደውብሃል። ‹እጇን ጠየቀ› ካሉ ደግሞ ሊያገባት ነው።»

«እጅ ምን ያደርግለታል?» አለችው ሂላ ለኮቢ በሹክሹክታ። «የኔ እንደሆን በሳሙና ተሰነጣጥቆ አልቋል።»

«ስጪኝና ልየው።»

«በኛ አማርኛ እጅ የሚሰጠው የተሸነፈ ነው።»

«እንግዲያው ተሸነፊልኝ።»

«ምን ሲደረግ! ገና ነኝ።»

አለችው እንጂ ልቧ ቀድሟት ሄዷል። አባባሎቹን እንዲለማመዱ ስለተባሉ በስልክ ይላላኩባቸው ጀመር። እሱ ከወደቡ «ሁለመናዬ ጆሮ ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፍላታል፤ እሷ ውሎዋን ትነግረዋለች። እንደዚያ የሚጠይቃት ሌላ ሰው አልነበራትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷን የምትጦረውም እሷው ናት።

አንድ ረቡዕ ግን ድካሙ በረታባትና ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብላ ተኛች። ኮቢ ሊቀሰቅሳት እጁን ዘርግቶ መለሰው። አንጀቱ አልቻለም። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ናዓማ ያን ሰዓት ሰሌዳው ላይ የጻፈችው፣ በወረቀትም አባዝታ ያደለችው «እግሬ ቀዝቅዟል» የሚለውን ነበር። እንግሊዞቹ ዘንድ ይህን የሚለው ሰው ሊያገባ ከተነሳ በኋላ የፈራ፣ ቃሉን ሊያጥፍ ያሰበ ነው።

በሳምንቱ ሃኪርያ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ኮቢ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አጎቴ አያ ሙላት አርብ ረፋድ ላይ አባትሽ ዘንድ በሽምግልና ይመጣሉ። ካልጠላሽ።»

አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ሁለቱም አልተሳፈሩም።

«አባቴ ቡና አይወዱም፤ ሻይ ነው» አለችው በመጨረሻ። እሺታዋ ይኸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት የአረጋውያኑ መታጠቢያ ክፍል ቧንቧ ፈነዳና ሂላ ብርድ ውሃ ውስጥ ቆማ ዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ የረጠበ ጫማዋን አወለቀች። ያዝንልኛል ብላ፣ ያላትን እንግሊዝኛ አጠራቅማ፣ «እግሬ ቀዝቅዟል» ብላ ላከችለት።

«እሺ» ብሎ ብቻ መለሰ። ሥራ በዝቶበት ነው አለችና ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።

አርብ አባቷ አያ ዳኘው ነጩን ጋቢያቸውን ለብሰው በማለዳ ሳሎን ተቀመጡ። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አዛውንቱ ቀና ይላሉ፤ ኮቴው አልፎ ይሄዳል። አመሻሽ ላይ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል ጋቢያቸውን አውልቀው አጠፉት።

«ልጄ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ» አሉ።

ሂላ ለማልቀስ እንኳ ጉልበት አጣች። ልደውል አለችና ተወችው። ያስቀረው ይናገር እንጂ የተቀረባት ምን ብላ ትጠይቃለች?

ሰኞ ኮቢን ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እግርሽ ሞቀልሽ?» አላት ፊቱን አዙሮ።

«ካልሲ ደርቤያለሁ» አለችው። «ይኼን ልትጠይቀኝ ነው የቆምከው?»

ኮቢ ዞር አለ። «የምን ካልሲ?»

«ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። ነግሬህ የለ? እግሬ ቀዘቀዘ አልኩህ እኮ!»

ስልኩን አውጥቶ መልእክቷን ደግሞ አነበበው።

«ያን ረቡዕ ተኝተሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ወረቀቱን በኋላ ያነበብሽው መስሎኝ። እኔው ነኝ ያልቀሰቀስኩሽ።» የእንግሊዞቹንም ትርጉም ነገራት።

ሂላ ልትስቅ አለች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቁጣ ሆነባት።

«አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው በር በር ሲያዩ ዋሉ! አንዲት ስልክ መደወል አቃተህ?»

«ፈራሁ። ከዚህ በፊት ለሌላ ልጅ ሽማግሌ ልኬ ሐሳቧን ቀይራብኛለች። ዳግመኛ መለመን አልቻልኩም።»

«እንግዲያውስ እግርህ የቀዘቀዘው አንተ ነህ» አለችው። «ና፣ ይኼንን ለአባቴ ንገራቸው። በአማርኛ!»

አያ ዳኘው በሩን ሲከፍቱ ኮቢ ጉልበታቸውን ሳመ። አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «እግሯ ቀዘቀዘ ስትልህ አንተ ቀረህ?»

«አዎ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኛ እግሩ የቀዘቀዘውን እሳት ዳር ነው የምናስጠጋው። ያንተን ደግሞ እግሬ አውጪኝ እንለዋለን።»

ኮቢ አንገቱን ደፋ። አዛውንቱ ልጃቸውን አዩዋት። ቆማ እንቅልፍ ሊጥላት ነው፤ ዓይኗ ግን ከኮቢ ላይ አልተነሳም።

«እንግሊዝኛችሁን እዚያው ትምህርት ቤት ተዉት» አሉ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው። «የአጎትህን ስልክ ስጠኝ። ለአርብ እኔው እነግራቸዋለሁ። ጋቢው እንደሆን እንደታጠፈ ነው።»

ሂላ ልትሸኘው ወጣች። ከመጀመሪያው ደረጃ አላለፈችም፤ እዚያው ተቀመጠች። ኮቢ አጠገቧ ቁጭ አለ። የተሰነጣጠቁ እጆቿን ዘረጋችለት።

«እንካ። እጅ ሰጥቻለሁ።»

ሊይዛቸው ብሎ ቆም አለ። «በየትኛው ቋንቋ?»

«በአማርኛ» አለችው። «ደክሞኛል ኮቢ። ያዘኝ።»

ያዛት። ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ዘንበል አለ፣ ትንፋሿም ረዘመ። ከበሩ ወዲያ አያ ዳኘው ከአያ ሙላት ጋር ጮክ ብለው በስልክ ይነጋገራሉ። ኮቢ ዛሬም አልቀሰቀሳትም። ስትነቃ የተባለውን አንድ በአንድ ሊነግራት፣ ሁለመናው ጆሮ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።