የአናጢው አውቶቡስ

ሰፈሩ ሁሉ ምላጭ ነው የሚላት፤ ስሙን ያወጣላት የገዛ ምላሷ ነው። በአጎቷ የማቀዝቀዣ መጠገኛ ቤት ውስጥ የተጣሉ ኤሲዎችን እየፈታችና እየገጠመች፣ ያለ አስተማሪ ሙያውን ስትይዝ ማንም ልብ አላላትም ነበር። ልብ ያሏት ደንበኞች «እሷ ካልሠራችው ይቅርብን» ማለት ሲጀምሩ ነው።

እሱ የመጣ ዕለት ሙቀቱ አስፋልቱን እንደ ሊጥ አላልቶታል። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ተነስንሶ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ለአውቶቡስ የሚሆን ኤሲ ፈልጌ ነበር።»

«ተሳስተሃል፤ እኛ የቤት ነው የምንሠራው።»

«አልተሳሳትኩም። አውቶቡሱ ቤት ነው።»

ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም። አናጢ ነው፤ ከሥራ የወጣ አሮጌ አውቶቡስ ገዝቶ፣ ወንበሮቹን ነቅሎ፣ አልጋና ቁም ሳጥን እየገጠመበት ነበር። ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት ሊፈርስ ስለሆነ ከእናቱ ጋር ሊገባበት አስቧል። ጭንቀቱ ሙቀቱ ነው፤ እናቱ ሲሞቃቸው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አውቶቡሱ ካልቀዘቀዘላቸው፣ እናትና ልጅ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሩቅ ከተማ ወዳለችው ታላቅ እህቱ ከመሄድ በቀር ምርጫ የላቸውም።

አጎቷ ከጓዳ ሰምተው ሳቁ።

«የቤት ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ሲንገጫገጭ ቧንቧው ይሰነጠቃል፣ ጋዙ ይወጣል፤ የእኛም ስም አብሮ ይወጣል።»

«ጋሼ፣ እኔስ ቤት አልነበር የምቀመጠው?» አለችና የመፍቻ ሳጥኗን አነሳች።

ከዚያ በኋላ ማንም አላስቆማትም። ውጭ የሚቀመጠውን የኤሲውን ማሽን አውቶቡሱ ጭራ ላይ፣ ከብረቱ ጋር እንዳይላተም ወፍራም ጎማ አንጥፋ አሰረችው። የመዳብ ቧንቧውን እንደ ሞላ ጠቀለለችው፤ መንገዱ ሲያናውጠው እንዲለጠጥ እንጂ እንዳይሰነጠቅ። ጄኔሬተሩን ከአውቶቡሱ ሆድ ሥር ሰቀለችው። እሱ ደግሞ ሙቀት እንዳይገባ ጣሪያውንና ግድግዳውን በፎም ሞላው። በጠባቡ መተላለፊያ ሲተላለፉ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

«ቧንቧውን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ እንጂ! ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«ማሽኑ ነዋ።»

«ማሽኑ ገና አልተነሳም።»

ቧንቧውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። እሷ ደግሞ ብሎኑን ሁለቴ አጥብቃ ስታበቃ እንደገና ልታጠብቀው ሞከረች።

የፍተሻው ቀን እናቱን አሳፍረው ከከተማ ወጡ። መጀመሪያ ቅዝቃዜው እንደ ምንጭ ውኃ ወረደ። እናቱ «ተባረኪ ልጄ» ብለው ሳይጨርሱ ግን ነፋሱ ለብ አለ፤ ቀጥሎም ጭራሽ ጠፋ። ሴትዮዋ ደረታቸውን ይዘው ማለክለክ ጀመሩ። አናጢው አውቶቡሱን አቁሞ እናቱን አቅፎ ወደ ዛፍ ጥላ ሮጠ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«በቃ» አላት። «ያቅምሽን ሞክረሻል። ነገ ለእህቴ እደውላለሁ።»

«ማን በቃ አለህ? ሳሙና ውኃ አምጣልኝ!»

አውቶቡሱ ሥር ገብታ በጀርባዋ ተንፏቀቀች። እያንዳንዱን መጋጠሚያ አረፋ ቀባችው፤ በአንዱም በኩል የሚያፈተልክ ጋዝ አረፋውን አልነፋውም። ቧንቧዋ ደህና ነው። ታዲያ ምን ነካው? ብድግ ብላ ወደ አውቶቡሱ ጭራ ዞረች።

ቆመች። አስቀያሚው ማሽኗ በነበረበት ቦታ የሚያብረቀርቅ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። ጠዋት በፊት በር ስለገባች አላየችውም። ያለ ሚስማር የተገጣጠመ፣ ባለ ሁለት በር ነው፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ምላጭ ተቀርጾበታል። እጇን ስታስጠጋ እንደ ምድጃ ፈጃት።

«ይሄን መቼ ሠራኸው?»

«ትናንት ነው የገጠምኩት። ማሽኑ ያስጠላል ስትዪ ሰምቼ... አምሮ እንዲታይልሽ ብዬ።»

ምላሷ ተሰናድቶ ነበር። ግን የምላጩን ቅርጽ አየችና ድምፅዋ በግማሽ ቀነሰ።

«አሳምረህ ቀበርከው እኮ! ከውስጥ የሰበሰበውን ሙቀት በዚህ በኩል ነው የሚተፋው። አፉን ዘግተህበት በየት ይተንፍስ?»

አናጢው ገባው። አንድ ቃል ሳይናገር መዶሻውን አነሳ። ክንዱን ያዘችው፤ እስከዛሬ ሆን ብላ ነክታው አታውቅም።

«አትስበረው። በሮቹን ንቀል፤ ጎንና ጎኑን በመጋዝ ክፈተው።»

«ያስጠላል።»

«ያስጠላ! ይተንፍስ እንጂ። ይቺን ጥግ ግን ብትነካ ወዮልህ።»

ቀን ከሌት የለፋበትን እንጨት በገዛ እጁ ቆረጠው። ማሽኑ እስኪበርድ ሁለቱም እናቱን እያራገቡ ጠበቁ። ከዚያ አስነሳችው፤ አጉረመረመ፣ ረጋ አለ። እናቱን አሳፍረው ጠጠራማውን መንገድ ቢያያዙትም፣ አቀበቱን ቢወጡም፣ ቅዝቃዜው ፍንክች አላለም። ሲመለሱ እናቱ ብርድ ልብስ ለብሰው አልጋው ላይ ጋደም ብለዋል።

«ለእህትህ ደውልና እናትሽ እዚሁ ቀርታለች በላት» አሉ።

ምላጭ መሣሪያዋን ሰብስባ ወረደች። አናጢው አውቶቡሱ በር ላይ ቀረ።

«መንገድ ላይ ቢበላሽስ?»

«ትጠራኛለህ።»

«ሩቅ ብሆንስ?»

«አትራቅ።»

አንገቱን ደፋ። ጠበቀችው፤ መጠበቅ ደግሞ አታውቅበትም።

«ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም አግቢኝ ለማለት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አውጥተህ በለዋ!»

«አግቢኝ።»

እናቱ ከውስጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ መልሱን ገብተሽ ስጪው። በሩ ተከፍቶ ቅዝቃዜው እያለቀብኝ ነው።»

ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።