የተናኘ ኪኒን

ጌታሁን ቀራንዮ ወደሚገኘው ልብስ ስፌት ማኅበራችን መጀመሪያ የገባው ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ሱሪዬ ተቀዷል... እባክሽ ዞር በይልኝ!»

«ሳላየው እንዴት ልስፋው?»

አፈረ፤ ከዚያ አብረን ሳቅን። ፍቅራችን በተቀደደ ሱሪ ተጀመረ ብላችሁ ታምናላችሁ?

በዓመቱ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። እሱ የጭነት መኪና ይዞ አሰብ በሄደበት ግን ደም አልቆም አለኝ። እምብዛም የማያጋጥም ዓይነት የማህፀን ካንሰር ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርጌ ማህፀኔ ወጣ። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሜ ዶክተር ሰብስቤ ጠሩኝ።

«ዕጢው የሴት ሆርሞን ተቀባይ አለው። የተረፈ ቢኖር እንኳ በሆርሞን ኪኒን ልንገታው እንችላለን። ሁሉም ላይ አይገኝም፤ እድለኛ ነሽ።»

እድለኛ! የጌታሁን እናት እማማ አበበች የልጅ ልጅ እንዲያዩ ለመድኃኔዓለም ተስለዋል። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ጌታሁን ሲመለስ «ሽማግሌ አትላክ» አልኩት። ምክንያቱን ቢለምነኝም አልነገርኩትም። ስንለያይ ኪኒኑ ከቦርሳዬ ወደቀ። አንስቶ ሰጠኝ፤ ስሙን ግን ይዞ ነርስ ጎረቤቱን ወርቄን ጠይቋት ኖሯል።

በማግስቱ ማኅበሩ ደጃፍ ጠበቀኝ።

«ወርቄ የእርግዝና መከላከያ ነው አለችኝ። ሌላ ሰው አለሽ አይደል?»

ንዴቴ ሐዘኔን ቀደመው።

«ማህፀን የሌላት ሴት ምን ልትከላከል ነው፣ ጌታሁን?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሆርሞኑ ለእርግዝና መከላከያም ስለሚያገለግል ወርቄ መሳሳቷን ጭምር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ኪኒኑ... ያድንሻል?»

«ያግዛል ነው ያሉት። ቃል አልገቡልኝም።»

«ይህን ሁሉ ብቻሽን ቻልሽው፣ ተናኘ?» እንባው ፈሰሰ።

«አልወልድልህም እኮ! እናትህስ?»

«እናቴን እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ኪኒንሽን ዋጪ።»

እማማ አበበች ሲሰሙ አኩርፈው ሰነበቱ። ሠርጋችን ላይም አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባባ ሀብተሥላሴ፣ ሊመርቁን ሲነሡ እኔ ከአሁኑ ተሸማቀቅሁ፤ «ውለዱ፣ ክበዱ» ሳይባል የሚያልቅ የሙሽራ ምርቃት አላውቅማ! ጌታሁን ግን አስቀድሞ ለምኗቸው ነበር።

«ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ» አሉ ሽማግሌው። «አንዳችሁን ለአንዳችሁ ያቆይልን። አብራችሁ አርጁ።»

እንግዳው ገና ቀሪውን ይጠብቅ ነበር።

«አሜን!» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ቀና ብዬ አየሁ። እማማ አበበች ናቸው፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያለቅሳሉ።

ይኸው፣ አብረን እያረጀን ነው።