ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረው ምልክት

ጨለማ አልነበረም። ጭጋግም አልነበረም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ «ዓይንሽ አታሎሽ ይሆናል» የሚለኝ ሰው ስለሰለቸኝ ነው። ዓይኔ አላታለለኝም። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም... ግን የሆነው ይህ ነው።

ሥራዬ መንገድ መቀባት ነው። የመኪናውን አይደለም፣ የእግሩን። ተራራው ሥር ያለውን መስክና ሐይቅ ለማየት ብዙ ሰው በእግሩ ይመጣል። እንዳይጠፋ ድንጋይና ዛፍ ላይ ምልክት እንቀባለታለን። ነጭ መደብ፣ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር።

ተጓዡ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል። ቀጣዩን በዓይኑ ይፈልጋል። ሲያገኘው ይሄዳል። ይኸው ነው።

የምሠራው ከእናቴ ታላቅ ወንድም ጋር ነው። አገሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። እሳቸው ግን ከድንጋይ ድንጋይ ስለምዘል «ፌንጣ» ይሉኛል። ወልጄም ፌንጣ፣ ወፍሬም ፌንጣ።

በማግስቱ መንገዱ ለእንግዶች ሊከፈት ስለነበር ሥራውን ተከፋፈልነው። ጋሼ ከላይ፣ ከሸንተረሩ እየቀቡ ይወርዳሉ። እኔ ከታች፣ ከመኪና መንገዱ እየቀባሁ እወጣለሁ። መሐል ላይ፣ መስኩን ቁልቁል የሚያየው የድንጋይ መቀመጫ ጋ እንገናኛለን።

ከሸንተረሩ ወዲያ ሰፈራችን ነው። ከተራራው ስትወርዱ መጀመሪያ የምታገኙት የእናቴን ቤት ነው። ያን ቀን ልጄን እዚያ ትቻት ነበር የወጣሁት።

ስልክ እዚያ አይሠራም። በእጅ ሬዲዮ ነው የምናወራው።

«ፌንጣ፣ የት ደረስሽ? እኔ መቀመጫው ጋ ነኝ። ጫማዬን አውልቄ ምሳውን እያየሁት ነው።»

«ማየት ብቻ ጋሼ! ድርሻዬን ነክተው ባገኝዎት...»

«ሆድ ሽማግሌ አያከብርም ልጄ። ቶሎ ነይ።»

እየሳቅኩ ወደ መስኩ ገባሁ።

አበባው ወገብ ይደርሳል። ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ... እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ቁልቁል ተነጥፏል። ሐይቁ ደግሞ ከሥር እንደ መስታወት ተኝቷል። ማዶው ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን የሚያስርበት ግንብ ወደብ አለ። ሰዎች ይህን ለማየት ነው ከስንት አገር የሚመጡት።

ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣልኝም።

ቆሜ አዳመጥኩ...

ንብ የለም።

ያን ያህል አበባ ባለበት አንዲት ንብ የለችም። ዝንብ እንኳ የለም። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው።

ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በኩል፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። በጠርዙ ላይ ቀይ ነገር ወርዶ አየሁ። የቀለም ጠብታ መሰለኝ።

ዞሬ በታች በኩል ሄድኩ።

ምልክት ነው። የእኛው ምልክት። ነጭ መደብ፣ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር።

በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነው።

አሸተትኩት። ቀለም ቀለም አይልም። ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ የውሃ ገንዳ ሥር ያለውን ጭቃ... እሱን ነው የሚሸተው።

«ጋሼ፣ ወደ መስኩ ወርደው ነበር እንዴ?»

«የት መስክ?»

«እዚህ ከመንገድ የወጣ ድንጋይ ቀብተዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ መታሽ? እኔ ከመቀመጫው ወደ ታች አንድ እርምጃ አልወረድኩም።»

ቀና ብዬ አየሁ። መቀመጫው ላይ ባርኔጣቸው በሩቁ ይታያል። እውነታቸውን ነው።

ቁልቁል ወረድ ብዬ ዞሬ ሳይ ሌላ ድንጋይ ላይ ሌላ ምልክት ነበር። ከእሱ በታች ደግሞ ሌላ። ሽቅብም አለ፣ ሁሉም በሐይቁ በኩል ስለሆነ ግን ከእኛ መንገድ ላይ ሆኖ የሚያየው የለም።



እኛ ስንቀባ ምልክቱን ወደሚመጣው ሰው ነው የምናዞረው። ለሚወጣው በታች በኩል፣ ለሚወርደው በላይ በኩል። እነዚህ ሁሉ ግን ፊታቸው ወደ ሐይቁ ነው። ወደ ሐይቁ ብቻ።

ከሐይቁ ደግሞ መንገድ የለም። ከዚያ የሚመጣ ሰው የለም።

«ጋሼ...» አልኩ።



«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ድምፃቸው ሲመጣ ሹክሹክታ ነበር። እኚያ ሲያወሩ ተራራው የሚሰማቸው ሰውዬ... ሹክ ይሉኛል።

«ፌንጣ። ድምፁን ቀንሺው።»

ቀነስኩት። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ከአንቺ ጋር ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከበታችሽ... ማንም የለም?»

«ማንም።»

 ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ተቀመጪ። ቀስ ብለሽ። አበባው ውስጥ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ፊቴ ወደ ጋሼ እንደዞረ ነው።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«አላውቅም። አበባው እየተኛ ነው። ከሐይቁ ዳር ጀምሮ... እየተኛ ወደ አንቺ እየመጣ ነው።»

«ንፋስ ነው?»

«ንፋስ ቆሞ ይጠብቃል?»

አልገባኝም።

«ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ ይቆማል» አሉኝ። «አንዱ ጋ ይቆማል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እዚያም ይቆማል...»

እንደ ተጓዥ። ልክ ምልክት እንደሚፈልግ ሰው።

አሁን እኔም ይሰማኝ ጀመር። የእግር ኮቴ አይደለም። እርጥብ ምንጣፍ መሬት ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ሽሽሽ... ጸጥ።

ሽሽሽ... ጸጥ።

ከበታቼ ያለው ድንጋይ ጋ ደረሰ። አንገቴን ብቻ ዞር አድርጌ በአበቦቹ ግንድ መሐል አሻግሬ አየሁ። ሰው የለም። አውሬም የለም። አበቦቹ ብቻ ከሥራቸው ሳይሰበሩ ቀስ ብለው ይተኛሉ። የተኙትም አይነሡም። ቅጠላቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

በዚያ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ።

«ጋሼ፣ ልሩጥ?» አልኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

«እንዳትንቀሳቀሺ። ያልፍሻል። መንገዱን ይዞ ያልፋል።»

ሽሽሽ...

አጠገቤ ደረሰ። የጭቃው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ቆመ።

ድንጋዩ ጋ አልነበረም የቆመው። ድንጋዩን አልፎ ነው። እኔ ጋ ነው የቆመው።

ትንፋሼን ዋጥኩ። አንድ ጠብታ ውሃ አንገቴ ላይ ወደቀ። ከላይ። ከላዬ ሰማይ ብቻ ነው ያለው... ጠብታዋ ግን በረዶ ነበረች።

«ለምን አላለፈም?» የጋሼ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። «ለምን አንቺ ጋ...»

ከዚያ በኃይል ተነፈሱ።

«ሰደርያሽ! ፌንጣ፣ ሰደርያሽን አውልቂው!»

የሥራ ሰደርያዬ ጀርባ ላይ ምልክታችን ታትሟል። ነጭ መደብ፣ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር። ጀርባዬን ደግሞ ለሐይቁ ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት።

እንዴት እንዳወለቅኩት አላስታውስም። ጠቅልዬ በቀኝ በኩል፣ ገደል ወዳለበት፣ ባለኝ አቅም ወረወርኩት። ቁጥቋጦ ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

ጸጥ...

ከዚያ አበባው ወደ ቀኝ መተኛት ጀመረ።

«አሁን!» አሉኝ። «ወደ እኔ! ወደ ኋላ እንዳታዪ!»

ሮጥኩ። ወደ ኋላ አላየሁም። ግን በቀኝ ጆሮዬ እሰማው ነበር። ሽሽሽታው አላቆመም። አጠገቤ ከቆመበት ቦታ እያለፈ፣ እያለፈ፣ እያለፈ... ጫፍ የሌለው ገመድ ይመስል።

መቀመጫው ጋ ስደርስ ጋሼ በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። እጄን ሲይዙኝ ጣቶቻቸው አጥንቴን ነክተውታል።

«አይተሽዋል?»

«ምንም አይታይም።»

«ከዚህ ይታያል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳይነቅሉ። «ፊቱ ገደሉ ጋ ደርሷል። ኋላው... ኋላው ገና ከውሃው አልወጣም።»

ማየት አልቻልኩም። መሬት መሬት አየሁ። መሬት ሳይ ነው ያየሁት።

ጋሼ የተቀመጡበት ድንጋይ፣ ከእግራቸው ሥር፣ በሐይቁ በኩል...

ምልክት አለው። እርጥብ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምልክቱ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ምሳ ሲጠብቁ ነበር።

ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው። ምልክቱ እዚህ ካለ... መንገዱ እዚህ አያልቅም።

አሮጌ ምልክት የምናጠፋበት ግራጫ ቀለም አለን። ድንጋይ ይመስላል፣ ሲቀባ ምልክቱን ይውጠዋል። ጣሳውን አንሥተን ሽቅብ ወጣን። አንዱን ምልክት አጠፋን። ቀጥሎ ሌላ። ብሩሽ ሲዘገይብን በእጃችን ቀባን። ጋሼ እያነከሱ፣ እግራቸው እየደማ፣ «እዚያ! ከግንዱ ጀርባ!» ይሉኛል።

መንገዱ ሸንተረሩን ተሻገረ።

ከዚያ ወደ ሰፈራችን ወረደ።

በዚያ በኩል ምልክቶቹ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ነበር። ሸንተረሩን ተሻግሮ ለሚወርድ።

ልጃችሁን ለማዳን የሮጣችሁ ካላችሁ ሁኔታዬን ትረዱታላችሁ። ጋሼን ከነጣሳው ትቻቸው ሮጥኩ። በየድንጋዩ እየተደፋሁ፣ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ።

የመጨረሻው ምልክት የእናቴ ጓሮ በር ላይ ነበር።

እናቴ ልብስ እያሰጣች ነው። ልጄ በሩ ሥር ተቀምጣ ትጫወታለች።

«ምነው? ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?» አለች እናቴ።

«ይህን ማን ቀባው?»

«ወንድሜ ነዋ! ጠዋት ስነሣ ነበር። ደግሞ በር ላይ ምን አመጣው ብዬ ልቆጣው እየጠበቅኩት ነው።»

ጋሼ ጠዋት ከእኔ ጋር ነበሩ። ገና ጎህ ሳይቀድ አብረን ነው የወጣነው።

ልጄ እጇን ዘረጋችልኝ። ሁለቱም መዳፎቿ ቀይ ናቸው።

«እማ፣ አልደርቅ አለ» አለችኝ።

እያለቀሰች በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ አጠብኳት። እናቴ «ልጅቷን ገደልሻት!» እያለች ትጮኻለች። የመጨረሻው ቀይ ጠብታ ከጥፍሯ ሥር እስኪወጣ አልለቀቅኳትም። ጋሼ የቀሩትን ምልክቶች እያጠፉ ደርሰው በሩን በግራጫ ቀቡት። ደረቅ ሲል ደግመው ቀቡት። ከዚያ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያን ሌሊት ማናችንም ከበሩ አልራቅንም። ምንም አልመጣም።

በነጋታው ማለዳ አለቃችንን ሸንተረሩ ድረስ ይዘነው ወጣን። መንገዱ እንዲዘጋ ለመንነው። የነገርነውን ሰምቶ «ሁለታችሁም እረፍት ያስፈልጋችኋል» አለን፣ ሳቁን እየዋጠ። መስኩን አሳየነው። አበባው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድም የተኛ የለም።

«ታዲያ የታለ?» አለን።

ጋሼ በጣታቸው ወደ ሐይቁ ብቻ አመለከቱ።

ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ማታ ከግንብ ወደቡ ጋር አስሮ ነበር የሄደው። አሁን ጀልባዋ በገመዷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። ከሥሯ ግንቡ ቁልቁል ጥቁርና እርጥብ ነው። ውሃው፣ ከውስጡ ትልቅ ነገር እንደወጣበት ገንዳ፣ ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ዝቅ ብሎ... ጸጥ ብሎ ተኝቷል።