የነጩ ቀሚስ ቅምቅማት

ቀለሜ ስምንት ዓመት ሊሞላት ስድስት ቀን የቀራት ልጅ ነበረች። ዕድሜዋን የጠየቃት ካለ ግን ስድስቱን ቀን ዋጥ አድርጋ «ስምንት» ትላለች። የምትኖረው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእናቷና ከአባቷ ጋር ነው። እናቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል።

ቀለሜ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ትምህርት ቶሎ ስለሚገባት የወጣላት ቅጽል ስም ነው። እኔ በማስተምርበት የቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል የምናጠናቸውን አሥራ ሦስቱን የእምነት አንቀጾች እንደ ውሃ ጠጥታቸዋለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ትለቃቸዋለች። «ቀስ በይ እንጂ» ስትባል ጭራሽ ትፈጥናለች። ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቃል መያዝና በልብ መያዝ ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ ቤት አይኖሩም።

በእኛ በኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚጠመቀው ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው። ነጭ ለብሶ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ መላ አካሉ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል። ሁለት ምስክሮች ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። የእግር ጣት ብቅ ካለች ወይም የልብስ ጫፍ ከተንሳፈፈ ይደገማል። ቀለሜ ደግሞ «ድገሚ» መባልን እንደ መርፌ ትፈራለች።

ሰኞ ዕለት እናቷ ነጭ ጨርቅ ይዛ ከቀለሜ ጋር ወደ ምድር ቤት ወረደች። እዚያ እማማ መርፌ አሉ። እማማ መርፌ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው፤ እሳቸውም ወደውታል። ክፍላቸው ጠባብ ናት። የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል፣ ልብስ መለኪያው ከመጋረጃ ጀርባ፣ መስገጃቸው ደግሞ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል። እማማ መርፌ ሙስሊም ናቸው።

«ይሄ ቀሚስ ምን ሥራ ይጠብቀዋል?» አሉ እማማ መርፌ የቀለሜን ትከሻ እየለኩ።

«ልትጠመቅበት ነው፣ እማማ» አለች እናቷ።

«ሙሉ በሙሉ ነው የምጠልቀው!» አለች ቀለሜ። «ጫፉ እንኳ ከተንሳፈፈ ይደገማል!»

እማማ መርፌ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው አሰቡ። «ጨርቅ ውሃ ሲያገኝ ይነፋል። ግድ የለም፣ መላ አይጠፋም» አሉ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀለሜ ጎራ አለች። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እማማ መርፌ መቀሱን አነሱና ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«ቢስሚላህ አልኩ። በአላህ ስም ማለት ነው። ስሙን ሳልጠራ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ቆረጡ።

ቀለሜ ደረጃውን ስትወጣ ጭንቅላቷ ይሠራ ጀመር። «የእኛ እምነት እውነት ነው። የእሳቸው ጸሎት ደግሞ ሌላ ነው። በሌላ ጸሎት የተቆረጠ ቀሚስ ለብሼ እንዴት እጠመቃለሁ?» አለች በሆዷ። እናቷን ብትጠይቅ ጥሩ ነበር። አባቷን ብትጠይቅም ጥሩ ነበር። እኔን እንኳ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ግን ብዙ የሚያውቅ ልጅ አንዳንዴ መጠየቅ ይረሳል።

ቤተ ክርስቲያን ለሚጠመቁ ልጆች የምታውሰው ነጭ ልብስ እንዳላት ታውቃለች። እማማ መርፌ የሰፉት ቀሚስ ከተበላሸ የቤተ ክርስቲያኑን ትለብሳለች።

ረቡዕ ዕለት ልትለካ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እናቷ ከሥራ ወጥታ በር ላይ ቆማለች። የአራተኛ ፎቋ ሴትዮም የሦስት ልጆቿን ዩኒፎርም ልታሰፋ ጨርቅ ታቅፋ መጥታለች። እማማ መርፌ ከእሷ ጋር ያወራሉ። ትንሿ መቀስ ወንበሩ ላይ ናት። ቀለሜ መቀሷን አንስታ የትከሻውን ክር በጠስ አደረገችና ጎተተችው። ስፌቱ ተተረተረ።

«እማዬ!» ብላ ብቅ አለች። «እይው! ገና ስለብሰው ተተረተረ። እማማ መርፌ እኮ ዓይናቸው ደክሟል።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች፣ ልጆች። እኔ ስነግራችሁ እንኳ አፍራለሁ።

እማማ መርፌ መነጽራቸውን አድርገው ትከሻውን አዩ። የክሩን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀለሜን አዩዋት። ቀለሜ ጫማዋን አየች።

«አስተካክለዋለሁ» አሉ እማማ መርፌ። 

እናቷ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆማ ስትሠራ ውላ ደክሟታል። «ይተዉት እማማ» አለች ቆጣ ብላ። «ቅዳሜ ደርሷል። እንዲህ ከሆነ ውሃ ውስጥ ምን ሊሆን ነው? ከቤተ ክርስቲያን እንዋሳለን።»

የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ይህን ሰማች። ጨርቋን መልሳ አጣጠፈችና «እኔም ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። እማማ መርፌ መኪናቸው አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ውሸቷ የተነገረችው ለአንድ ቀሚስ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ግን አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ቀለሜ ያሰበችው ሁሉ ተሳካላት። ታዲያ ማታ ራቷ ለምን አልበላ አላት?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻት። ከመጠመቅ በፊት የቤተ ክርስቲያን ቅርንጫፋችን መሪ፣ ፕሬዚዳንት የምንለው፣ ልጁን ቁጭ አድርጎ ያነጋግረዋል። የእኛ መሪዎች ሌላ መተዳደሪያ ሥራ እንዳላቸው ታውቃላችሁ። ይሄኛው ፕሬዚዳንት የመብራት ሠራተኛ ነው። ቀለሜ ስትገባ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል እየቀየረ ነበር።

«ቀለሜ! ያንን አምፖል አቀብዪኝ። ጎሽ።» ወርዶ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ተቀመጠ። «በኢየሱስ ክርስቶስ ታምኛለሽ?»

«አዎ።»

«ለምን እንደምትጠመቂስ ታውቂያለሽ?»

ቀለሜ አንቀጾቹን ልትለቅቅለት አፏን ከፈተች። እሱ ግን ሳቅ ብሎ «እሱን አውቃለሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል» አለ። «አሁን አንድ ቀላል ጥያቄ። ከሰዎች ጋር እውነተኛ ነሽ?»

ቀላል ጥያቄ!  «አዎ» ለማለት ሁለት ፊደል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። እንባዋ ቀደማት። ክሩንም፣ መቀሱንም፣ የአራተኛ ፎቋን ሴትዮም ዘርግፋ ተናገረች።

ፕሬዚዳንቱ አልተቆጣም። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«ቀሚሱን ሲቆርጡ በሌላ ጸሎት ጀመሩ። ቆሻሻ የሚሆን መሰለኝ።»

«እሳቸው ሥራቸውን በምን ጀመሩ?»

«በ... በእግዚአብሔር ስም።»

«አንቺስ ክሩን ስትበጥሺ በምን ጀመርሽ?»

 «በውሸት» አለች ቀለሜ።

ፕሬዚዳንቱ ራሱን ነቀነቀ። «የመጨረሻው አንቀጽ ምን ይላል?»

«መልካም ነገር ካለ እንፈልገዋለን ይላል።»

«ሰው የሚፈልገው እጁ ላይ ያለውን ነው?»

«አይደለም። የሌለውን ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ጋ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። እኔ በዚህ ሰፈር ስንት ቤት መብራት አስገብቻለሁ። የእኔ ቤት በራ ብዬ የጎረቤቴ ቤት ጨለማ ነው ብዬ አላውቅም። የተሰጠንን እውነት አጥብቀን እንይዛለን፣ ቀለሜ። ለሰማይ አባታችን ግን ሁሉም ልጆቹ ናቸው፤ አንዱንም ያለ ብርሃን አልተወም።»

«ቅዳሜ እጠመቃለሁ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«መጀመሪያ ምድር ቤት መውረድ አለብሽ። የት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

መንገድ ላይ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ቆመች። «እኔ እኮ በሰው ፊት አዋረድኳቸው» አለችና ዓይኗ ውሃ ሞላ። ከዚያ የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እንሂድ።»

እማማ መርፌ እየሰገዱ ነበር። ድሮ ቢሆን ቀለሜ በሩን ከፍታ «እማማ!» ትል ነበር። ዛሬ ደፉ ላይ ጸጥ ብላ ቆመች። እማማ መርፌ ጉልበታቸው እያስቸገራቸው ጎንበስ ቀና ሲሉ አየች። ለማን እንደሚያጎነብሱም ገባት። ጨርሰው መስገጃውን እስኪጠቀልሉ ድረስ አልተነፈሰችም።

«እማማ፣ ክሩን የበጠስኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቄያለሁ» አሉ እማማ መርፌ። «የላላ ክርና የተበጠሰ ክር አንድ አይደለም። አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ሆድ ይፍጀው አልኩ። እኔ ብናገር ትቀጪ ነበር። አንቺ ስትናገሪ ግን እውነቱ ያንቺ ሆነ።»

እናቷ «እማማ፣ እኔም...» ብላ ጀመረች፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አወዛውዘው አስቆሟት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። ነጩ ቀሚስ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል። ትከሻው ተሰፍቷል። ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ለምን ጨረሱት? አንወስድም ብለን ነበር!» አለች ቀለሜ።

«ስሙን ጠርቼ የጀመርኩትን ግማሽ ላይ ልተወው? አይሆንም» አሉ እማማ መርፌ። «ሳፋ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነክሬ ሞከርኩት። መጀመሪያ ተንሳፈፈ። ነይ፣ ንኪው።»

የቀሚሱ ጫፍ ታጥፎ የሚሰፋበትን ቅምቅማቱን አስነኳት። ከውስጡ ትንንሽ ክብ ነገሮች ተሰልፈዋል። የብረት የልብስ ቁልፎች ናቸው። ማንም እንዳያያቸው ከውስጥ፣ በእኩል ርቀት፣ አንድ በአንድ ተሰፍተዋል።

ቀለሜ ቀሚሱን አቅፋ አለቀሰች። ውሃው ሸሚዟን አራሰው።

ግን ገና አልጨረሰችም። አራት ፎቅ ወጣች። አራት ፎቅ ለመዋሸት ቀላል፣ ለእውነት ደግሞ ከባድ ደረጃ አለው። በሩን አንኳኩታ «እማማ መርፌ ጎበዝ ናቸው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች።  ሴትዮዋ ወደ ምድር ቤት ልትወርድ ጨርቋን አንስታ ጫማዋን አጠለቀች።

ቅዳሜ ደረሰ። ቀለሜ ስምንት ሞላት፤ አሁን ማንም አይከራከራትም። ከእሷ በፊት የተጠመቀ አንድ ልጅ አውራ ጣቱ ብቅ ብላ ደገመ። እሱም ሳቀ፤ ሰዉም ሳቀ።  ቀለሜ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ እማማ መርፌ ተቀምጠዋል። ፕሬዚዳንቱ አጠገባቸው ነው።

አባቷ ነጭ ለብሶ ውሃው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃታል። ወረደች። ቀሚሷ አልነፋም። አባቷ ቀኝ እጁን አንስቶ ጸለየና ቀስ አድርጎ አጠለቃት። የቀሚሱ ጫፍ ቁልቁል፣ ቀጥ ብሎ፣ ከእሷ ጋር ወረደ። ስትወጣ ሁለቱ ምስክሮች ራሳቸውን ነቀነቁ። በአንድ ጊዜ አለቀ!

ልብሷን ቀይራ፣ ፀጉሯ ገና ሳይደርቅ፣ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ወንበር ሮጠች።

«ተንሳፈፈ?» አሉ እማማ መርፌ ተጨንቀው።

«አልተንሳፈፈም፣ እማማ! ምንም አልተንሳፈፈም!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ መርፌ፤ ምስጋና ለአምላክ ይሁን ማለታቸው ነው።

«አሜን» አለች ቀለሜ፣ ከፕሬዚዳንቱ ቀድማ።

ልጆች፣ የተሰጠንን እምነት አጥብቀን እንያዝ፤ በጎረቤታችን እምነት ውስጥ ያለውን እውነትም እናክብር፤ ሁለቱም የመጡት ከአንድ አባት ነውና።