ብረት ነፋጊው ወርዳን

በረጥባን ምድር፣ ከወደቀ ቅጠል ሥር በተዘረጋው መንግሥት፣ በአንድ ቀን ሦስት ጀግኖች ከውስጥ ፈነዱ። ሸሎም የተባለውን ጥቁር ጠላት እንደ ልማዳቸው ውጠውት ነበር። የረጥባን ሕዝብ አሜባ ነውና ጥርስም መንጋጋም የለውም፤ ባክቴሪያን በገላው አቅፎ ይውጣል፣ በሆዱ ከረጢት ያስረዋል፣ በኮምጣጣ እሳት ያቀልጠዋል። ሸሎም ግን አልቀለጠም። ያለ ብረት መራባት አይችልምና፣ ከረጢቱ ውስጥ ተቀምጦ በዋጠው ጀግና ገላ ያለውን ብረት እየላሰ ተራባ፤ አንድ ሆኖ ገብቶ ሃያ ሆኖ ወጣ።

«ምድራችን ተመርዛለች!» አለች ንግሥት ጸዴና። «እንደ አባቶቻችን ሥርዓት አንድ ገላ ሆነን ወደ ብርሃን እንጓዛለን። ስንደርስ ገሚሶቻችን ዓምድ ሆነን እንደርቃለን፤ የተመረጡት ከዓምዱ ጫፍ ዘር ሆነው ነፋስ ወደ አዲስ ምድር ይወስዳቸዋል። የዘሮቹ ቀዳሚ አዜላ ትሁን። ወንድሟ ወርዳን ጠራጊ ይሁን፤ በገላችን ውስጥ እየዞረ ጠላት ይልቀም፣ የለቀመውንም ይዞ መንገድ ላይ ይቅር።»

ወርዳን በቅናት አረረ። አዜላና እሱ አንድ ገላ ለሁለት ተከፍሎ የተወለዱ ናቸው፤ ስንከፈል የሚበልጠውን ግማሽ ይዛብኝ ሄዳለች ብሎ እስከ ዛሬ ቂም ይዞባታል።

ጉዞው ሰባት ቀን ፈጀ። ወርዳን ሲጠርግ ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። ንግሥቲቱ ስትስቅላት ያያል፤ ሌሎች መንገድ ሲለቁላት ያያል። የብረት ቅንጣት ባገኘ ቁጥር እሷ እንዳታይበት ከገላው ጥግ ይሸሽጋል።

«የገዛ ሆድህን እንኳ ትነፍገዋለህ እኮ!» ብሎ ሳቀበት ባልንጀራው ድልባን።

ብርሃኑ ደጃፍ ሲደርሱ ተደብቆ የተከተላቸው ሸሎም በንግሥቲቱ ላይ ተወረወረ። አዜላ ቀድማ ዋጠችው። እሳቷ ነደደ፤ ሸሎም ግን ከውስጧ ሳቀ።

መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ወርዳን ደስ አለው። ወዲያው ግን ሸሎም ብረቷን ሲልስ ሰማና ደስታው ጠፋ። ያ ብረት ሲከፈሉ የወሰደችበት የእሱ ድርሻ ነው! እሱ ያልቀመሰውን ሸሎም ሊበላው?

«ጠላቱን ስጪኝ!» አለና ተጣበቀባት።

«ወንድም ዓለም፣ ትሞታለህ!»

«ይህንንም ለብቻሽ ልትይዢው ነው? በተከፈልንበት ገላ እምላለሁ፣ ሳትሰጪኝ አልላቀቅሽም!»

አዜላ ጎኗን ከፈተች፤ ጠላቱ ወደ ወንድሟ ተሻገረ። ወርዳን እሳት አላነደደም። ከከረጢቱ ውስጥ ብረቱን አንድም ሳያስቀር እየሳበ ወደ ገላው ጥግ አሸሸ። ሸሎም ግድግዳውን ላሰ፤ ምንም የለም።

«ትንሽ ብቻ፣ ጌታዬ» ሲል ለመነ።

«ለእህቴም ሰጥቼ አላውቅ!» አለ ወርዳን።

ሸሎም በረሃብ ደከመ እንጂ አልሞተም። ከረጢቱ ለአፍታ ከላላ ይነሣል። ስለዚህ ሕዝቡ ወርዳንን መንገድ ላይ ትቶት አለፈ፤ ሥርዓቱም ያው ነው። ከሩቅ ዓምዱ ሲቆም አየ። ድልባን ከሥሩ ደረቀ፤ ንግሥቲቱም ደረቀች። አዜላ ጫፉ ላይ ወጣች፤ ወርዳን ያን ጊዜም ቀናባት።

«ወንድም ዓለም!» ብላ ጮኸች ከላይ። «ልክ ነበርክ! የሚበልጠውን ግማሽ የወሰድኩት እኔ ነኝ!»

ነፋሱ መጥቶ ወሰዳት።

«አላልኩም?» አለ ወርዳን። ከሸሎም በቀር የሰማው አልነበረም። ከረጢቱን አጥብቆ ያዘ፤ እስከ መጨረሻው እስትንፋሱም አንዲት ቅንጣት አላቀመሰውም።