ቧንቧው ውስጥ ያደረ ውሃ

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራት አይደለም። የሆነውን ነው። ቀኑንም ሰዓቱንም ደብተሬ ላይ መዝግቤዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ፀሐይ ወጥታለች። የእህቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ።

ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ድሮ ታላቅ ሆቴል በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። አሁን መኖሪያ ቤት ሆኗል። የዳንስ አዳራሹ ተከፋፍሎ ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል። የእብነ በረድ ደረጃው መደገፊያ ላይ ልብስ ይሰጣበታል። የእህቴ በር ላይ ግን የድሮው የነሐስ ቁጥር እስካሁን አለ... 314።

ነገሩ ሲጀምር የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ናት።

"ወንድም ጋሼ፣ ውሃው ሳሙና ሳሙና ይለኛል" አለችኝ።

"እርግዝናው ነው። አሁን ሁሉም ነገር ይሸትሻል።"

"አንተ ደግሞ! ስንት ጊዜ አርግዘህ ታውቃለህ?"

ሳቅን። ቢሆንም ናሙና ወሰድኩ። ደንቡ እንደሚለው ቧንቧውን ከፍቼ ሦስት ደቂቃ አፈሰስኩ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ሞላሁ። ውጤቱ ንጹሕ ነበር።

"ጠጪ፣ በእኔ ይሁንብሽ" አልኳት።

ጠጣች። አንድ ወር ሙሉ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ያ ሦስት ደቂቃ ቧንቧው ውስጥ ያደረውን ውሃ ጠርጎ ይጥለዋል። እህቴ ግን ጠዋት ስትነሳ የምትጠጣው ያደረውን ነው።

ይህ ትዝ ያለኝ ሰኞ ማታ ነበር። እሷ ዘንድ አደርኩና ማክሰኞ ጠዋት፣ እሷ ሳትነሳ፣ ምንም ሳላፈስ በብርጭቆ ቀዳሁ።

ውሃው ለብ ያለ ነበር...

ሕንፃው የውሃ ማሞቂያ የለውም።

ላዩ ላይ ስስ የስብ ሽፋን ተንሳፍፏል። በጣቴ ስነካው እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ። ከብርጭቆው ሥር አንድ ነጭ ነገር ዘቅጧል። በወረንጦ አወጣሁትና ብርሃን ላይ ያዝኩት።

ቆዳ ነው። ውሃ ውስጥ የዋለ ሰው ተረከዙን ሲፈገፍግ የሚላጠው ዓይነት።

አንድ ወር ሙሉ ጠጪ ያልኳት ይሄንን ነው። ማጠቢያው ላይ አስታወክሁ።

ቀና ስል እህቴ ባዶ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ የቀዳሁት ውሃ ላይ ነው።

"አትድፋው" አለች በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ለምጄዋለሁ... ሕፃኑ የሚንቀሳቀሰው እሱን ስጠጣ ብቻ ነው።"

ፊት ለፊት የሚኖሩትን አሮጊት በር አንኳኳሁ። ሆቴሉ ሆቴል ሳለ ክፍል አጽጂ ነበሩ። የክፍሎቹን ቁልፍ ሁሉ ይይዙ ስለነበር እስካሁን እማማ ቁልፍ ይባላሉ። ስለ ውሃው ነገርኳቸው።

"የእህትህ ወጥ ቤት የድሮው መታጠቢያ ቤት ግማሽ ነው ልጄ" አሉኝ። "አንዲት እንግዳ ነበረችን። ጠዋት ገንዳ ውስጥ ከገባች የምትወጣው ማታ ነው። በሮዝ ሳሙና ነበር የምትታጠበው። እድፏን የምፈገፍገው እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ እጄ ላይ ይሸተኛል።"

"ገንዳው የት ሄደ?"

"የት ይሄዳል? እብነ በረድ ነው፣ በበር አይወጣም። መኖሪያ ሲያደርጉት ግድግዳ ሠሩበት።"

"ሴትዮዋስ?"

ፊታቸውን አዞሩ።

"እሷ... ቁልፏን አልመለሰችም።"

አራት ሰዓት ላይ የቧንቧ ሠራተኛ አመጣሁ። ከማጠቢያው ጀርባ ያለውን ግድግዳ መሰርሰር ጀመረ።

"ጌታዬ፣ የመጠጥ ውሃውን ከገንዳ ጋር የቀጠለው ጎበዝ ማን ነው? ተገናኝተን ብንጨባበጥ..."

ጡቡ ሲወድቅ ቀልዱን አቆመ።

ሞቃት አየር ፊታችንን መታው። ሳሙናና ላብ ይሸታል።

ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃው ግራጫ ነው፣ ይተናል። ዙሪያውን የጣት ውፍረት ያለው እድፍ ተጋግሯል። እድፉ ለስላሳ ነው፤ ፀጉር ተጣብቆበታል።

"ማን ነው የታጠበው?" አለ ሠራተኛው በሹክሹክታ።

በር የለም። መስኮት የለም። ያለው እኛ የከፈትነው ቀዳዳ ብቻ ነው።

የገንዳው ጠርዝ ላይ ሮዝ ሳሙና ተቀምጧል። እርጥብ ነው። ላዩ ላይ አራት የጥፍር ጭረት አለ።

ለካሁት። የአራቱም ስፋት አንድ ላይ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር...

የትልቅ ሰው እጅ አይደለም።

እህቴን ያኔውኑ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ቧንቧው ተቆረጠ፣ ግድግዳው ተደፈነ። በወሩ ወንድ ልጅ ወለደች። ሐኪሞቹ ጤነኛ ነው አሉ።

መዳፎቹ ግን ነጭና የተጨማደዱ ናቸው። ውሃ ውስጥ እንደዋለ ሰው እጅ።

"በሳምንት ይጠፋል" አሉን። ዛሬ ስድስት ሳምንቱ ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነው አይደል?" ትለኛለች እህቴ በየቀኑ።

ያን "በእኔ ይሁንብሽ" ያልኩትን ቃል ሁለተኛ ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

ትናንት ጠዋት ጥፍሩን ቆረጥኩለት። ቀኝ እጁ፣ አራቱ ጣቶች፣ ከጥፍሮቹ ሥር የሆነ ነገር ነበር። በወረንጦ አወጣሁትና ብርሃን ላይ ያዝኩት...

ሮዝ ሳሙና።

እርጥብ ነው።